መፍቻ ያልነካው ካምቢዮ

ደባርቅ፣ ኅዳር 3 ቀን 2016 ዓ.ም.

ይድረስ ለወንድሜ ልጅ ለሰሀር፣ ሻርጃ።

አሰላሙ ዐለይኪ ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ። እንዴት ነሽ? የዚያ አገር ሙቀት በረድ አለልሽ ወይ? እኛ አልሐምዱሊላህ፣ ከአንቺ ናፍቆት በቀር የጎደለብን የለም። እናትሽ ኡሙሰልማ ደኅና ናት፤ ጉልበቷን ያማታል እንጂ ምላሷን አላማትም። ወንድምሽ ሪያድም ደኅና ነው፤ መሪ ከጨበጠ ወዲህ ትከሻው ሰፍቷል።

በወረቀት የምጽፍልሽ አንደኛ ዳታው እንደጠፋ ስለቀረ ነው። ሁለተኛ በስልክ ስናወራ እናትሽ ድምፁን ከፍ አድርጋ ከጎኔ ትቀመጥና፣ የመኪና ነገር ባነሳሁ ቁጥር «ተወው አሁን እሱን» ትለኛለች። ስለዚህ ይህን ወረቀት ልብስ ልታመጣ ወደዚያ አገር የምትመላለሰው ጎረቤታችን ፈትያ ታደርስልሻለች።

ሞተሩ ደርሷል፤ እጅሽ ይባረክ። የድሮው ሞተር አምባ ጊዮርጊስ ገበያ መውጫ ላይ ነጭ ጭስ ተፍቶ ከሞተ ወዲህ መኪናው እንዳረጀ በሬ ግቢ ውስጥ ተኝቶ ነበር። መካኒኩ ደምለው ያንቺን ሞተር አስገብቶ ሲያስነሳው የሰፈሩ ሰው ወጥቶ አየ። ከዳባት ወደ ደባርቅ ያለውን ዳገት ድንች እስከ አፉ ጭኖ ማርሽ ሳይቀንስ ወጣው። የአዲሱ ሞተር ቱርቦ ሲያፏጭ ልጆች ከኋላው ይሮጣሉ። ሰው «ሸሀቡ መኪና ለወጠ» ይላል። አልለወጥኩም፤ አባትሽ ከእርዳታ ድርጅት ጨረታ የገዛው ያው አሮጌ ላንድክሩዘር ነው። ይህን ድምፅ ሳይሰማ መሄዱ ግን ቆጨኝ፤ አላህ ይማረው።

ሌላውም ዕቃ በሰላም ደርሷል።

አሁን የቀረን ጎማ ነው። ያሉት ጎማዎች ተልጠዋል፤ ይህን ጉልበት የሚሸከሙ አይደሉም። ከዚያ የጠነከረ ጎማ ብታገኚ ለወንድምሽ ነፍስ ነው።

ክፉ ዓይን አይይሽ፤ የሠራሽው ይባረክልሽ።

አጎትሽ ሸሀቡ


ሻርጃ፣ ታኅሣሥ 12 ቀን 2016 ዓ.ም.

ይድረስ ለተከበሩት አጎቴ ለሸሀቡ፣ ደባርቅ።

ወዐለይኩሙ ሰላም ወራሕመቱላህ። ጤናዎ እንዴት ነው? እናቴን ጉልበቷን በሞቀ ዘይት እሹልኝ። እኔ አልሐምዱሊላህ ደኅና ነኝ። ሞተሩ መነሳቱን ሳነብ ቢሮ ውስጥ ብቻዬን እልል ብያለሁ፤ አለቃዬ ያበድኩ መስሎት ነበር።

አንድ ዓረፍተ ነገር ግን እንደ አሸዋ ጥርሴ ላይ ቀረ። «ሌላውም ዕቃ በሰላም ደርሷል» ብለዋል። አጎቴ፣ ሌላው ዕቃ ስም አለው። ካምቢዮ ይባላል፤ የማርሾቹ ቤት። ከሞተሩ ጋር በአንድ ሳጥን አሳስሬ የላክሁት ከአንድ መኪና ላይ አብረው ስለወረዱ ነው። ስለ ሞተሩ ያን ሁሉ ጽፈው ስለ እሱ አራት ቃል ብቻ? እርስዎ ስለ አንድ ብሎን ሁለት ገጽ የሚጽፉ ሰው ነዎት!

እኔ የምሠራው ያገለገለ ሞተር በሚሸጥበት ግቢ ውስጥ ነው፤ ቀኑን ሙሉ የምሰማው የትኛው ሞተር ከየትኛው ካምቢዮ ጋር እንደሚስማማ ነው። ያም ሆኖ በራሴ አልተማመንኩም። የግቢውን መካኒክ፣ አንድ ፓኪስታናዊ ሽማግሌ፣ ጠየቅሁት፦ ለድሮው ሞተር የተሠራ ባለ አራት ማርሽ ካምቢዮ በጉልበት አንድ ተኩል እጥፍ የሚሆነውን ቱርቦ ይችላል ወይ? «ይችላል» አለኝ። «ሽማግሌ ከነዳው፣ ጭነት ከቀነሰ፣ ቱርቦው ሲገፋ እግሩን ካነሳ፣ ይችላል። ጎረምሳ ከነዳውና ጭነት ካበዛ ግን የማርሹ ጥርስ ይበላል፣ ኩሽኔታው ይላላል፤ አንድ ቀን የገባውን ማርሽ ራሱ ይተፋውና መኪናው ይለቀቃል።»

ሪያድ ሽማግሌ ነው እንዴ አጎቴ? ሰርግ ላይ እንኳ ሲጨፍር መሬት የሚደበድብ ልጅ እግሩን ከነዳጅ ላይ ያነሳል?

ስለዚህ ስለ ጎማው ከመነጋገራችን በፊት ሁለት ጥያቄ ይመልሱልኝ። አሁን መኪናው ላይ ያለው የትኛው ካምቢዮ ነው? ሪያድስ የት የት ነው የሚሄደው? በስልክ ልጠይቅዎ ብል እናቴ ትሰማለች፤ ልቧን ላውከው አልፈልግም።

አላህ ለእኛ ያቆይዎት። በአክብሮት፣

ሰሀር


ደባርቅ፣ ጥር 19 ቀን 2016 ዓ.ም.

ይድረስ ለሰሀር።

አሰላሙ ዐለይኪ። እኛ ደኅና ነን። ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ሰላምታውን ወድጄዋለሁ፤ ከዚያ በታች ያለውን ግን ደግሜ አላነበብኩትም።

መኪናው ላይ ያለው የአባትሽ ካምቢዮ ነው። ያንቺው ግሪስ ተቀብቶ፣ በማዳበሪያ ከረጢት ተጠቅልሎ ከእህሉ ጎን ተቀምጧል። ማንም አልሸጠውም። ሌባ አይደለሁም።

ለምን አልገባም ትይኝ እንደሆነ፣ ደምለው ለክቶ ነግሮኛል፤ ያንቺው ይረዝማል። እሱን ለማስገባት ካምቢዮውን የሚሸከመውን ብረት ከመኪናው አጥንት፣ ከሻንሲው ላይ ቆርጦ ወደ ኋላ መግፋት፣ ወደ ኋላ ጎማ የሚሄደውንም ዘንግ ማሳጠር ያስፈልጋል። እኔ በወንድሜ መኪና ላይ መጋዝ አላነሳም! የዚህ መኪና ካምቢዮ ከጃፓን ከወጣ ጀምሮ መፍቻ ያልነካው ነው። ከሽሬ እስከ ጎንደር ያለ ሹፌር ያውቀዋል። አባትሽ እንግዳ ሲመጣ ከምግብ በፊት ከመኪናው ሥር አጋድሞ ያሳይ ነበር። «ብሎኖቹን እዩአቸው፤ ቀለማቸው እንኳ አልተላጠም» ይላል። ሰውየው ተነሥቶ አቧራውን ሲያራግፍ «ማሻአላህ» ሳይል ወጥ አይወጣለትም። ይህን ረሳሽው? አሁን እሱ አፈር ከለበሰ በኋላ እኔ ወንድሙ ላውጣና ልጣለው? ሰው ምን ይለኛል?

ያልተነካ ነገር አልተበላሸም። ብልሽት የሚገባው መፍቻ በገባበት ነው። ይህን ያንቺ ፓኪስታናዊ አያውቀውም፤ የእሱ አገር ሰው ሁሉን ፈትቶ የሚሸጥ ነው።

ደግሞስ አንቺ ማነሽና ነው የምትመረምሪኝ? ልጅ ሆነሽ ኩፍኝ ሲይዝሽ በብርድ ልብስ ጠቅልዬ ጎንደር ሐኪም ቤት ያደረስኩሽ በዚሁ መኪና፣ በዚሁ ካምቢዮ ነው። አባትሽ ሲሞት ቤቱን ያቆመው ይህ መኪና ነው፤ መኪናውን ያቆምኩት ደግሞ እኔ ነኝ። ብረት የላከ ሁሉ አዛዥ አይሆንም።

ሪያድ የሚሄደው ዳባትና አምባ ጊዮርጊስ ነው። ሜዳ ነው። ላም ባልዋለበት ኩበት አትልቀሚ።

የጎማውን ነገር አልመለስሽልኝም።

አላህ ልቦና ይስጥሽ።

ሸሀቡ


ሻርጃ፣ የካቲት 27 ቀን 2016 ዓ.ም.

ይድረስ ለአጎቴ ለሸሀቡ።

አሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላህ። ረመዷን ሊገባ ነው፤ በሰላም ያስጀምረን።

የተናደድኩ እንዳይመስልብኝ ይህን ደብዳቤ ቀድጄ እንደገና ጻፍሁት። አልሆነልኝም፤ ተናድጃለሁ። በአባቴ ቦታ ያሉ ሰው ስለሆኑ «አንቱ» ማለቴን አልተውም፤ ንዴቴን ግን አልደብቅም።

ፈትያ ደብዳቤዎን ስትሰጠኝ፣ የዋህ ናትና፣ «ወንድምሽን ዛሪማ ገበያ አየሁት፤ ድንች ሲያራግፍ ነበር፣ እንዴት ያለ ጎበዝ ሆኗል!» ብላ አወራችኝ። ሁልጊዜ በገበያው ቀን እንደሚወርድም ነገረችኝ። አጎቴ፣ ዛሪማ ሜዳ ናት እንዴ? ከደባርቅ ዛሪማ የሚያደርስ አዲስ ሜዳ መንገድ ተሠርቶ ከሆነ ይንገሩኝ፤ እኔ የማውቀው ሊማሊሞን ነው። ዳባትና አምባ ጊዮርጊስ ብለው የጻፉልኝ በዚሁ እጅዎ ነው! ለማን ነው የሚዋሹት? ለእኔ? ወይስ ለራስዎ?

እርስዎ ስለ ዳገቱ ያወራሉ፤ ማርሽ ሳይቀንስ ወጣ፣ ቱርቦው አፏጨ ይላሉ። ማውጣቱንማ ሞተር ያወጣል። የሚያወርደው ካምቢዮ ነው። ሊማሊሞ ላይ ሰው ሲወጣ አይሞትም፤ ሲወርድ ነው የሚሞተው። ፍሬኑ ይግላል፣ ይሸታል፣ ከዚያ እግርዎ ባዶ ይረግጣል። ያኔ መኪናውን ይዞ የሚያስቀረው ማርሹ ብቻ ነው። «በወጣህበት ማርሽ ውረድ» ብለው ሪያድን ያስተማሩት እርስዎ ነዎት። ማርሹ እጁ ላይ ቢተፋስ በምን ይውረድ? በአባቴ ስም ይውረድ?

ብሎኑን አውቀዋለሁ። እንግዶቹ ከመኪናው ሥር ሲጋደሙ እግራቸውን እየተሻገርኩ ወጥ ያቀረብኩት እኔ ነኝ። ቀለሙ አልተላጠም ማለት ግን ጥርሱ አልተበላም ማለት አይደለም። የሞኝና የወረቀትን ተረት ያውቁታል፤ ለአጎት አይነገርምና አልጨርሰውም።

አንድ ነገር ልበልና ይብቃኝ። ካምቢዮው ይችላል ብለው ካመኑ የሚያምነው ሰው ይንዳው። ሪያድን ከመሪው ላይ ያውርዱት። እሱ የሚጭነውን ያህል ጭነው እርስዎ ራስዎ ሊማሊሞን ይውረዱ። ዛሪማ ደርሰው ሲመለሱ «ቻለ» ብለው በገዛ እጅዎ ይጻፉልኝ። ያኔ እኔ አፌን እዘጋለሁ፤ ጎማውንም እልካለሁ። እምቢ ካሉ ግን ምከረው ምከረው እምቢ ካለ መከራ ይምከረው ይባላል። እኔ መከራው በወንድሜ ነፍስ እንዲመክርዎ አልፈልግም።

ጾሙን አላህ ይቀበልዎ።

ሰሀር


ደባርቅ፣ ሚያዝያ 8 ቀን 2016 ዓ.ም.

ይድረስ ለሰሀር።

አሰላሙ ዐለይኪ። ዒድ ሙባረክ፤ ከርሞም ያድርሰን። ይህን የሚጽፈው ወንድምሽ ሪያድ ነው፤ የምናገረው እኔ ነኝ።

እንዳልሽው አድርጌያለሁ። በረመዷን መጨረሻ ላይ እሱ የሚጭነውን ያህል ድንች ጭኜ፣ መሪውን ራሴ ይዤ ሊማሊሞን ወረድኩ። ዛሪማ ደርሼ ተመለስኩ። ካምቢዮው ቻለ።

መኪናው ለጊዜው ቆሟል። ዘይት ያፈሳል። ደምለው እስኪያየው ማንም አይነዳውም።

ሌላ የምለው የለኝም። ጎማውን ላኪ።

አጎትሽ ሸሀቡ

ሰሀርዬ፣ ከዚህ በታች እኔ ሪያድ ነኝ። አየሽው የአባባን ካምቢዮ! አንቺ ዝም ብለሽ ነው የምትፈሪው። አጎቴ ቀኝ እጁን የመኪና በር ይዞበት አብጧል፤ ለዚህ ነው እኔን ያስጻፈኝ። ሰው ሁሉ እንኳን ደስ አለህ ይለዋል፤ እሱ ግን ዒዱን እንኳ በቅጡ አልበላም። ዘይት ያፈሳል የሚለው አይታየኝም፤ ከሥሩ ገብቼ አይቻለሁ፣ ደረቅ ነው። ቁልፉን ግን አይሰጠኝም። አርጅቷል መሰለኝ።


ሻርጃ፣ ግንቦት 15 ቀን 2016 ዓ.ም.

ይድረስ ለአጎቴ ለሸሀቡ፤ በእጅዎ ብቻ የሚከፈት።

አሰላሙ ዐለይኩም። ጎማው ተገዝቷል። አልተላከም።

«በገዛ እጅዎ ይጻፉልኝ» ብዬ ነበር። የእርስዎን ቃል በሪያድ ፊደል ሳነበው የማላውቀው ሰው ደብዳቤ መሰለኝ። አጎቴን አውቃቸዋለሁ። ቢያሸንፉ ኖሮ ስድስት ገጽ ሙሉ ይሰድቡኝ ነበር! ፓኪስታናዊውን እስከ ዘር ማንዘሩ ያነሡት ነበር። «ካምቢዮው ቻለ» ብሎ ዝም የሚል ሸሀቡ የለም። ያ ስድብ የት ገባ?

እጅዎስ? ሪያድ ቀኝ እጁን በር ያዘበት ይላል። የሹፌሩ በር ያለው በግራ ነው። በቀኝ ያለው የማርሹ ዘንግ ነው።

ለእናቴ ደወልኩላት። ስለ መኪናው ስጠይቃት የወትሮውን «ተዪው አሁን እሱን» አላለችም። «እጄን ሊጥ ይዞታል» ብላ ስልኩን ዘጋችው። ቤታችን ውስጥ ሁሉም ሰው በአንድ ጊዜ እጁ ተያዘ እንዴ?

ሪያድ አጠገብዎ ተቀምጦ ስለሚጽፍ ሊነግሩኝ ያልቻሉት ነገር አለ። እባክዎ አጎቴ፣ አሁን የማን ቃል እንደበለጠ ግድ የለኝም። በግራ እጅዎም ይሁን በእግርዎ፣ እርስዎ ራስዎ ይጻፉልኝ። ፈትያ ያለ ደብዳቤ ከተመለሰች እመጣለሁ፤ ስመጣ ደግሞ በአንቱታ አልመጣም።

ሰሀር


ደባርቅ፣ ሰኔ 21 ቀን 2016 ዓ.ም.

ይድረስ ለሰሀር።

አሰላሙ ዐለይኪ። ፊደሉ ቢንጋደድ አትሳቂ፤ በግራ እጄ ነው የምጽፈው።

የሆነውን ልንገርሽ። እንደምወርድ በሰማች ጊዜ እናትሽ «ዛሪማ የምደርሰው ለቅሶ አለብኝ፤ አብሬህ እሄዳለሁ» አለች። የባሏ መኪና እየወረደ በአውቶቡስ ሂጂ እንዴት ይባላል? እምቢ ብላት ለምን ትለኛለች። ለምን የሚለውን ከነገርኳት ደግሞ አንቺ ረታሽ ማለት ነው። ስለዚህ ዝም ብዬ አሳፈርኳት። አንቺን ለመርታት ብዬ እናትሽን ጫንኩ። እስቲ አሁን ስደቢኝ!

የላይኞቹን ጥምዝምዞች በሁለተኛ ማርሽ ደኅና ወረድን። ገደሉ በቀኝ በኩል አፉን በከፈተበት ቦታ ላይ ማርሹ ቀጭ ብሎ ወጣ። መኪናው ተለቀቀ። ፍሬን ረግጬ መልሼ አስገባሁት፤ ተፋው። እንደገና አስገባሁት፤ ተፋው። ፍሬኑ መሽተት ጀመረ። ቀኝ እጄን ዘንጉ ላይ ጥዬ ወደ ኋላ ሳብኩት፤ መሪውን በግራ ብቻ ያዝኩ። ዘንጉ ሲወራጭ አውራ ጣቴን ሰበረው።

እናትሽ አልጮኸችም። ነጠላዋን ከትከሻዋ አውርዳ ዘንጉን ከወንበሩ ብረት ጋር ጠፍራ አሰረችው፤ ከዚያም በሁለት እጇ ያዘችው። «ሸሀቡ፣ አንተ መሪህን ያዝ፤ ይኸን ለእኔ ተወው» አለችኝ። ከቁርኣን ያሲንን እየቀራች እስከ ታች አለቀቀችውም። ለቅሶው ቤት ስንደርስ ጣቶቿ አልዘረጋ ብለው ሴቶቹ አንድ በአንድ ዘረጉላት፤ ሐዘን መሰላቸው።

ስንመለስ ባዶውን ወጣን። ዳገት ላይ አይተፋም፤ የሚተፋው ቁልቁለት ላይ ነው። ግቢ ስንገባ ሪያድ ሰዉን ሰብስቦ ቆሟል። «ቻለ?» አለኝ። «ቻለ» አልኩት። ቁልፉን ግን ከዚያን ቀን ጀምሮ ከኪሴ አላወጣሁትም። ዘይት ያፈሳል ያልኩትም ለዚሁ ነው።

ደብዳቤሽ ሲመጣ ሪያድን ለብቻው ጠየቅሁት። «ሁለተኛው ማርሽ እንዴት ነው?» አልኩት። ሳቀ። «ትንሽ ይተፋል፤ በጉልበቴ ደግፌ እይዘዋለሁ። አባባም እንደዚያ ነበር የሚነዳው፤ አታውቅም እንዴ?» አለኝ።

አላውቅም ነበር ሰሀር። ያ ለእንግዳ ሁሉ ብሎኑን የሚያሳይ ሰው ለገዛ ወንድሙ ይህን አልነገረኝም። ድሮውንም ይተፋ ነበር፤ ቱርቦው አባሰው እንጂ። እኔ ለእሱ ክብር ብዬ ካንቺ ጋር ተዋጋሁ። በሞተ ሰው ላይ መናደድ እንዴት እንደሚያቃጥል አላህ አያሳይሽ፤ የምትጮኺበት የለም።

«የእህትህን ካምቢዮ እናስገባ» አልኩት። «መፍቻ አይነካውም ያልከኝ አንተ ነህ። ፈራህ እንዴ?» አለኝ። የገዛ ቃሌን በገዛ ቤቴ መልሶ አጎረሰኝ። ቁልፉን ብሰጠው በማግስቱ ጭኖ እንደሚወርድ አወቅሁ። ብነፍገው ደግሞ ያለ ቁልፍ ማስነሳት ያውቃል፤ ያስተማርኩት እኔ ነኝ።

ሪያድ በአውቶቡስ ዳባት የሄደ ቀን ደምለውን ጠርቼ ካምቢዮውን አስወረድኩት። ከዚያ መዶሻ አንስቼ ማንም መልሶ እንዳይገጥመው ቅርፊቱን በግራ እጄ እየመታሁ ሰነጠቅሁት። ደምለው «ጋሼ ሸሀቡ አበዱ» ብሎ ወደ ጎረቤት ሮጠ። ውስጡን አየሁት፤ የሁለተኛው ማርሽ ጥርስ ዳር ዳሩ አልቆ ሾጥጧል። ያቺን ቀለሟ ያልተላጠች ብሎንም አየኋት፤ እውነትም አልተላጠችም።

ያንቺው ገብቷል። ብረቱ ተቆርጧል፣ ዘንጉም አጥሯል። አምስተኛ ማርሹ ለዚህ አገር መንገድ ምን እንደሚሠራ ባላውቅም ማርሹን አይተፋም። ራሴ ጭኜ ወርጄ አይቼዋለሁ፤ ጎኔ ግን ማንንም አላስቀመጥኩም።

ሪያድ ሲመለስ ስብርባሪውን አየው። «የአባቴን ነገር በመዶሻ ሰበርክ» አለኝ። «በሞተ ሰው ትቀናለህ» አለኝ። ሌላም ብሎኛል፤ ወረቀት ላይ አይጻፍም። አሁን መኪናውን ይነዳል፤ እኔን ግን ሰላም አይለኝም። እኔ ስገባ ይወጣል።

የእናቱን ነገር አልነገርኩትም፤ አንቺም እንዳትነግሪው። እሷንም አስምያታለሁ። ማርሹ እንደሚተፋ እያወቀ በሩን የዘጋላት፣ «በሰላም ግቢ» ብሎ የሸኛት እሱ ነው። ክፋት አልነበረውም፤ እናቱን የሚሸኝ ልጅ ነበር። እጇ ምን ይዞ እንደወረደ ካወቀ ግን ራሱን ይጠላል። ራሱን የጠላ ሹፌር ሊማሊሞ ላይ መሪ መያዝ የለበትም። ስለዚህ እኔን ይጥላኝ፤ እኔ እችለዋለሁ።

አጎትሽ ሸሀቡ


ሻርጃ፣ ነሐሴ 4 ቀን 2016 ዓ.ም.

ይድረስ ለአጎቴ ለሸሀቡ።

አሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ። እጅዎ እንዴት ሆነ? ጣቱን ወጌሻ ይየው። ጎማዎቹን ከፈትያ ዕቃ ጋር ልኬአለሁ።

እናቴን የጫኑት እርስዎ ነዎት፤ ውረዱ ያልኩት ግን እኔ ነኝ። በየትኛችን እንደምናደድ አጥቼ በሁለታችንም ተናድጃለሁ። በአባቴም ተናድጃለሁ። ሥራ ላይ ካምቢዮ ባየሁ ቁጥር የእናቴ ጣቶች ይታዩኛል፤ ወደ ሌላው በረንዳ ዞሬ እሄዳለሁ።

ሪያድ ጽፎልኛል፤ አራት ገጽ። ስድቡን አልደግምልዎም። «መኪናውን ከዚህ ቀናተኛ ሽማግሌ እጅ አውጥተሽ በስሜ አድርጊልኝ። ሞተሩም ካምቢዮውም ያንቺ ነው፤ መብት አለሽ። እምቢ ካልሽ እህቴ አይደለሽም» ይላል። እያነበብኩ ጮህኩ። እውነቱን ልጽፍለት ብዕር አንስቼ ነበር፤ አንድ መስመር ይበቃው ነበር። ስሙን ጻፍሁ፣ ከዚያ በታች የእናቴን ስም ጻፍሁ፣ ከዚያ ቀደድኩት።

«መኪናው አጎታችን በሕይወት እስካለ ድረስ የእሱ ነው። ለምን ብለህ አትጠይቀኝ» ብዬ ላክሁለት።

ትናንት ደወልኩለት። ከዛሪማ መመለሱ ነበር፤ ሞተሩ ሲጠፋ በስልኩ ሰማሁት። ድምፄን ሲያውቅ ዘጋብኝ። እንግዲህ አሁን ሁለታችንንም አያናግረንም። አላህ ዕድሜውን ያርዝመው።

ሰሀር